የእምዬ ደብተሮች

አያቴ እምዬ ካረፈች ነገ ሠላሳ ቀኗ ነው። ትናንት ማታ ከእናቴ ጋር ቁም ሣጥኗን ከፈትን። ልብሶቿን ለይተን ለማን ምን እንደምንሰጥ ልንነጋገር ነበር። ከነጠላዎቿ ሥር በዳቦ ጨርቅ የታሰረ ነገር ወጣ። ስንፈታው ደብተር ነው። አሥራ አንድ ደብተር።

የመጀመሪያውን ወዲያው አወቅሁት። ሽፋኑ ላይ የድመት ሥዕል አለ፣ ከሥሩ ስሜ በዕብራይስጥ ተጽፏል። የአራተኛ ክፍል የሒሳብ ደብተሬ ነበር። ሦስት ገጽ ማባዛት አለ። ከአራተኛው ገጽ ጀምሮ ለቅሶ ነው። ያን ቀን እምዬ ቦርሳዬን ከፍታ አወጣችውና «ይኼ ባዶ ነው» አለች። ባዶ አይደለም፣ የትምህርት ቤት ነው ብዬ ባለቅስ ማን ሰምቶኝ።

እምዬ ፊደል አልቆጠረችም። በአሥራ አንዱም ደብተር ያለው ጽሕፈት የኔ ነው። እኔ እዚሁ እስራኤል፣ በ1986 ነው የተወለድኩት፤ አማርኛ መጻፍ ግዴታዬ አልነበረም። ግን አጎቴ ጎንደር ከተማ እስከ አሥረኛ ክፍል ተምሮ ስለነበር ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ሀ ሁ አስቆጠረኝ። እምዬ ከኋላው ቆማ «ገና ነው? አልጨረሰችም?» ትለው ነበር። ምን እንዳስቸኮላት ያኔ አልገባኝም። ለካ ጸሐፊ ነው የምትፈልገው። አንዴ ለጽሕፈቱ ሰንፌ «በዕብራይስጥ ልጻፈው፣ ይፈጥንልኛል» ብላት «ማን ሊያነበው?» አለችኝ።

ደብተሮቹ ላይ ያለው ማን ለማን ለቅሶ ምን ይዞ እንደመጣ ነው። እድር ያለው ሰው ይህን ያውቃል፤ ዛሬ ለኔ ያመጣ ነገ ሲደርስበት ባዶ እጄን አልሄድም። የእምዬ ግን ትንሽ ይለያል። እንዲህ ዓይነት ነገር አለበት። «ዳቦ ሁለት፣ 50 ሸቀል።» «ጠላ አንድ ጀሪካን።» «ሌሊቱን አብራ አደረች።» «ልጆቹን ከትምህርት ቤት አመጣ።» «ዝም ብሎ ተቀመጠ።»

ይኼን የመጨረሻውን ስጽፍ እስክሪብቶዬን አቁሜ «እምዬ፣ ዝም ብሎ መቀመጥም ይጻፋል?» አልኳት።

«አንቺ እስቲ ከማታ እስከ ንጋት ዝም ብለሽ ተቀመጪ» አለች፣ «ያንቺንም አጽፋለሁ።»

ስሟን እዚህ አልጽፈውም። ስሟ ሰው ኪስ ውስጥ ሲዞር አትወድም ነበር። ወገራ ውስጥ ነው የተወለደችው፣ ከቤተ እስራኤል መንደር። መታወቂያዋ ላይ ጃንዋሪ 1 ቀን 1940 ይላል። የኛ ሰፈር ሽማግሌና ባልቴት ግማሹ የተወለደው ጃንዋሪ 1 ነው፤ ቀኑን የማያውቅ ሰው ሲመጣ የሚሞላው እሱ ነበር። እሷ የምታውቀው ጣሊያን ሲወጣ ጡት ትጠባ እንደነበር ብቻ ነው። ሸክላ ሠሪ ነበረች። ገበያ ላይ ምጣዷንና ጀበናዋን ይገዟታል፣ ዞር ሲሉ ደግሞ ቡዳ ይሏታል። ይኼን ስትነግረን አታማርርም። «ምጣዱ ጥሩ ስለነበር ይመለሳሉ» ትላለች። አያቴ ቀድሞ ሞቶባት አምስት ልጆች ብቻዋን ነበር የምታሳድገው።

በ1976 ክረምት መንደሩ ተነሣ። እዚያው ያሉ ሳይሰሙ፣ ከብቱ ሳይሸጥ፣ ጎጆው ሳይዘጋ። በአርማጭሆ ቆላ ቁልቁል ወርደው ሱዳን። ሌሊት ይሄዳሉ፣ ቀን ይደበቃሉ። እናቴ ያኔ አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው፤ እሷ የምታስታውሰው ጫማ ነው። ጫማ የነበረው ሰው ማን እንደነበር በስም ትቆጥራለች።

ኡም ራኩባ የሚባለው መጠለያ ደረሱ። ገዳሪፍ አካባቢ ነው። ዘመኑ የድርቁ ዘመን ስለሆነ ከየአቅጣጫው ሰው ይጎርፋል፣ ኩፍኝና ወባ እየገቡ ያጭዳሉ። ከቤተ እስራኤል በመንገድና በሱዳን መጠለያዎች የሞተው 4 ሺህ ያህል ነው ይባላል። ከነሱ አንዷ ስድስት ዓመት ያልሞላት አክስቴ ናት።

በመጠለያው ውስጥ ይሁዲ ነኝ ማለት አይቻልም ነበር። ነገሩን በምሥጢር የሚያስተባብሩት የራሳችን ልጆች፣ ኮሚቴዎች የምንላቸው፣ ሕዝቡን ሁሉ አፉን እንዲይዝ አስጠንቅቀውታል። ለቅሶ ደግሞ ያጋልጣል። አለቃቀሳችንም፣ ቀብራችንም ይታወቃል። እናም እምዬ ልጇን በሌሊት ቀበረች። ሁለት ወንዶች ቆፈሩላት። አንደኛው «እቴ፣ ድምፅሽ እንዳይሰማ» አላት። ነጠላዋን ነክሳ ዝም አለች።

በእኛ ሥርዓት ሬሳ የነካ ሰው ሰባት ቀን ከሰው ተለይቶ ይቆያል። በሦስተኛውና በሰባተኛው ቀን የመንጻት ውሃ ይረጫል፣ ታጥቦ ወደ ቤቱ ይገባል። እዚያ የት ተለይታ ትቆይ? በማግስቱ ራሽን ልትቀበል ተሰለፈች። ይህን የነገረችኝ አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ባቄላ እየፈለፈልን። ስለ ልጇ ሞት ከተናገረችው ይልቅ ስለዚያ ሰልፍ የተናገረችው ይበዛል። «ሰው ነካሁ» አለች። «ከነእጄ ሰው ነካሁ።»

በታኅሣሥ 1977 ወጡ። ዓለም «የሙሴ ዘመቻ» በሚለው ማለት ነው፤ ኖቬምበር 21 ቀን 1984 ተጀምሮ ወሬው ሲያፈተልክ ጃንዋሪ 5 የቆመው። ሌሊት በአውቶቡስ ወደ ካርቱም፣ ከዚያ በቤልጂግ አውሮፕላን በብራስልስ በኩል ወደዚህ። እምዬ ከብራስልስ የምታስታውሰው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መስኮቱ ቀዝቃዛ ነበር፣ ግንባሯን አስደግፋበት ተኛች።

ከመቀበያው ጣቢያ አንድ ዓመት ተኩል ያህል ቆይተው ረሆቦት፣ ኪርያት ሞሼ ሰፈር፣ ሦስተኛ ፎቅ ቤት አገኙ። አሳንሰር የለውም። ሞቷ ድረስ ከዚያ ቤት አልወጣችም።

ዕብራይስጧ ሃያ ቃል ቢሆን ነው። ግን ሃያውንም ታሠራቸው ነበር። በጣም የምትወደው «ረጋ» ነው። በዕብራይስጥ «አንዴ ቆይ» ማለት ነው። እምዬ ቃሉን ከእኛ የወሰዱት ነው የምትለው፤ «ረጋ በል ማለት አይደል? ምን ልዩነት አለው?» አውቶቡስ ሊሄድባት ሲል ዘምቢሏን አንጠልጥላ «ረጋ! ረጋ!» እያለች ትሮጣለች። ሾፌሩ በዕብራይስጥ ሰምቶ ይቆማል፣ እሷ በአማርኛ እየገሠጸችው ትገባለች። እስከ ዛሬ ሁለቱን ቃላት መለየት ይከብደኛል።

የሰፈሩ ሰው የሚፈልጋት ለብዙ ነገር ነበር። በግንቦት 1983፣ በሰሎሞን ዘመቻ፣ በ36 ሰዓት ከ14 ሺህ በላይ ሰው ከአዲስ አበባ ሲመጣ ዕለቱ ዓርብና ቅዳሜ ነበር። እምዬ ደግሞ በሰንበት እሳት አትነካም። ጎረቤቶቿ ምግቡን የሚያሞቁበት ፕላታ የሚባለው የኤሌክትሪክ ሰሌዳ እንኳ ቤቷ አልገባም፤ ቅዳሜ የምንበላው ቀዝቃዛ ነው። ያን ቅዳሜ ቀኑን ሙሉ ሬዲዮ ከሚሰማው ጎረቤት በር ሥር ቆማ ወሬውን እየሰማች፣ ኮከብ ሲወጣ ሦስት ድስት በአንድ ጊዜ ጣደች። እሑድ ጠዋት እንግዶቹ ወዳረፉበት ሆቴል ሄደች። በረኛው ምግብ አይገባም አላት። ሁለት ሰዓት ሙሉ በሩ ላይ ቆማ የሚወጣውን ሁሉ «የማን ልጅ ነህ?» እያለች ትጠይቅ ነበር። ስድስት ዘመድ አገኘች።

«የማን ልጅ ነህ» እንዲሁ ጨዋታ አይደለም። በኛ ዘንድ እስከ ሰባት ቤት መጋባት የለም፤ የሚቆጥር ሰው ያስፈልጋል። እምዬ ትቆጥራለች። በጦር ሠራዊት ውስጥ የተዋወቁ፣ አማርኛ እንኳ በደንብ የማይችሉ ልጆች ተያይዘው ይመጣሉ። ሶፋዋ ላይ ቁጭ ብለው፣ ስልካቸውን አጥፍተው፣ እንደ ፈተና ውጤት ይጠብቃሉ። እሷ ዓይኗን ጨፍና ጣቷን ታጥፋለች። አንድ ጊዜ የአጎቴ ልጅ ከአሽዶድ ቆንጆ ልጅ ይዞ መጣ። እምዬ አምስተኛው ጣት ላይ ስትደርስ ቆመች። ዓይኗን ገለጠች። «ቡና ጠጡ» አለች። ሁላችንም ገባን። ልጅቷ ስታለቅስ እምዬም አብራ አለቀሰች። ያ የአጎቴ ልጅ ሦስት ዓመት ሙሉ ቤቷ አልመጣም። እኔም ያኔ ከእሱ ጋር ነበርኩ። አሁን ላይ የት እንደምቆም እርግጠኛ አይደለሁም።

ስለ በዓላችን ስለ ስግድ ብዙ ባላወራም አንድ ነገር ልበል። በዕብራውያን አቆጣጠር በሄሽቫን ወር በ29ኛው ቀን፣ ከማስተሥረያ ቀን ሃምሳ ቀን በኋላ፣ ከየከተማው አውቶቡስ ተጭነን ኢየሩሳሌም እንወጣለን። ቄሶቹ በጥላቸው ሥር በግእዝ ያነባሉ፣ ሕዝቡ ጾሙን እስከ ከሰዓት ይይዛል። የረሆቦቱ አውቶቡስ የጾም መፍቻ ዳቦ የእምዬ ነበር፤ ዘጠኝ ዳቦ በሁለት ሌሊት። በፈረንጆቹ 2008 ክኔሴቱ፣ የእስራኤል ፓርላማ፣ ስግድን በሕግ ብሔራዊ በዓል ሲያደርገው አጎቴ ጋዜጣ ይዞ እየሮጠ መጣ። እምዬ ሊጥ እያቦካች ነው። «እስከ አምና በዓል አልነበረም እንዴ?» አለችው።

ዋናው ሥራዋ ግን መርዶ ነበር።

ይህን ለዕብራይስጥ ተናጋሪ ጓደኞቼ ማስረዳት አልቻልኩም። አያትሽ ምን ነበረች ሲሉኝ «የሞት ወሬ ትናገራለች» ስል ይሥቃሉ። እናንተ ታውቁታላችሁ። የሞተበት ሰው እንዲሁ አይነገረውም። ሰው ይሰበሰባል፣ ማለዳ ወይ ማታ ይመረጣል፣ የሚናገረው ሰው ይመረጣል። ሰፈራችን ውስጥ የሚመረጠው ሁልጊዜ እምዬ ናት። ከአሽቀሎን ሳይቀር መጥተው ይወስዷታል።

አንዱን ላውራ። አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር። ዓርብ ቀትር ላይ ስልክ ጮኸ። እምዬ እጇ ሊጥ ስለነበር እኔ አነሣሁት። ከጎንደር ነው። ድምፁ ይርቃል፣ የራሴ ድምፅ ደግሞ ተመልሶ ይሰማኛል። ሰውዬው «ትልቅ ሰው የለም?» አለ። አያቴ አለች፣ ግን እጇ ሊጥ ነው አልኩት። ካርዱ ሊያልቅበት ነው መሰለኝ ቸኮለ። የታችኛዋ ጎረቤታችን ወንድም ማረፉን ነገረኝ። «ለእሷ እንዳትነግሪ» አለኝና ተቋረጠ።

ይህች ጎረቤታችን በሰሎሞን ዘመቻ ነው የመጣችው። ወንድሟ እዚያው ቀርቶ ጎንደር ላይ ወደዚህ ለመምጣት ተራ የሚጠብቅ ነበር። ስንት ዓመት ጠብቋል።

ለእምዬ ነገርኳት። እጇን ታጠበች። ቀስ ብላ፣ በጥፍሯ ሥር ያለውን ሁሉ እያወጣች። «ማን ሰማ?» አለች።

«እኔ ብቻ።»

«እንግዲህ ሁለታችን ነን። ሰንበት ሊገባ ነው። ነገ ኮከብ እስኪወጣ አናውቅም።»

በሰንበት መርዶ የለም፣ ለቅሶም የለም። ጎረቤታችን ደግሞ ሁልጊዜ ቅዳሜ ከሰዓት እኛ ቤት ነው የምትውለው። መጣች። የሰንበት ዳቦ ቆርሰን በላን። እምዬ ሣቀች፣ ቀለደች፣ ስለ ዶሮ ዋጋ አወራች። እኔ ዳቦው ጉሮሮዬ ላይ ቆሟል። ጎረቤታችን ደግሞ እንዳለመታደል ሆኖ «ወንድሜ ዘንድሮ እንኳ ሳይሆንለት አይቀርም» አለች። አልጋ ገዝታለታለች፣ ከሳሎኑ በር ኋላ ታጥፎ ቆሟል። ልነሣ ስል እምዬ ከጠረጴዛው ሥር ጉልበቴን ያዘችኝ። ጠበቅ አድርጋ። «እግዚአብሔር ያውቃል» አለቻት ለጎረቤታችን፣ ፊቷ ምንም ሳይለወጥ። እስክትሄድ ድረስ ጉልበቴን አልለቀቀችም። ማታ ሳየው የጣቷ ምልክት ነበረበት።

ኮከብ ወጣ። እምዬ በመጀመሪያ እኔን ሽሮ አስይዛ ታች ላከችኝ። «ስትበላ ቆመሽ እይ። በባዶ ሆዷ እንዳይሆን።» እስክመለስ ደረጃው በሰው ሞልቷል። አሥራ አንድ ሰው፣ ሁሉም ዝም። የደረጃው መብራት በየደቂቃው ራሱ ይጠፋል፤ በጠፋ ቁጥር አንድ ሰው በጣቱ ይጫነዋል፣ ሁሉም ፊት እንደገና ይታያል። እምዬ ብብቷ ሥር የውሃ ጠርሙስ ይዛለች።

ሲገቡ ጎረቤታችን ገባት። ያን ያህል ሰው በዚያ ሰዓት ለምን እንደሚመጣ የማይገባው የለም። «ማን ነው?» ብላ ብድግ አለች። እምዬ አልመለሰችም። ውሃውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። የብርጭቆ ዕቃዎቹን ወደ ዳር ገፋች፣ ቢላዋውን ለአንድ ሰው ሰጠች። ከዚያ ጉልበት ለጉልበት ገጥማ ተቀመጠች፣ ሴትየዋ ፊቷን እንዳትነጭ ሁለቱን የእጅ አንጓዎቿን ያዘች።

«ወንድምሽ ደክሞት ነበር፣ አይደል?»

«አዎ።»

«ዐረፈ።»

እኔ ልጆቹን ይዤ ግቢ ወረድኩ። የጩኸቱን የመጀመሪያ ክፍል ነው የሰማሁት። በዚያው ሌሊት ተጠርቼ ደብተሩን ያዝኩ። ገጹ አለ፣ ትናንት አየሁት። እጄ እየተንቀጠቀጠ «ዳቦ» የሚለውን «ደቦ» ብዬዋለሁ።

መርዶ ሁሉ እንዲህ ነበር ብዬ አላስመስልም። ልማዱ ያጠፋበትም ጊዜ አለ። የእናቴ ጓደኛ እናቷ ሞተው ሁለት ዓመት አልተነገራትም። መጀመሪያ ነፍሰ ጡር ናት ተባለ፣ ቀጥሎ እያጠባች ነው ተባለ። ሁለት ዓመት ሙሉ ለሞተች እናት ልብስ ስትገዛ ኖረች። በዚህ ከእምዬ ጋር ተጣልተናል። ያን ምክር ከሰጡት አንዷ እሷ ናት። «ልጁ ወተት እንዳያጣ ነው» አለችኝ። እሷን ማን ጠየቃት ስላት ተነሥታ ወጥ ቤት ገባች። እስከ ማታ አላናገረችኝም።

እኔ የምሠራው ማስተርጎም ነው። በስልክ። ሐኪም እዚያ፣ ታማሚ እዚያ፣ እኔ መሐል። አንድ ቀን አንድ ሐኪም መስመር ላይ አስገብቶኝ «ዕጢው ጉበት ላይ ተሰራጭቷል በያት» አለኝ። ሴትየዋን አላውቃትም፤ «ልጄ» ብላ ነው የምትጠራኝ፣ ድምጿ የእምዬ እኩያ ነው። ከጎኗ ሰው ይኑር አይኑር አላውቅም። በዕብራይስጥ «አብሯት የመጣ ሰው አለ?» አልኩት። ሰባት ደቂቃ ነው ያለኝ አለ። አፌ ላይ የመጣው «ረጋ» ነው። በየትኛው ቋንቋ እንዳልኩት እግዜር ይወቀው። ለሴትየዋ ውጤቱ መምጣቱን፣ ከልጆቿ ጋር ሆና ብትሰማው ትመርጥ እንደሆነ ጠየቅኳት። «እሱማ ከልጆቼ ጋር ነው» አለች። ቀጠሮው ወደ ሐሙስ ዞረ። በኋላ ኃላፊዬ ጠራችኝ። አስተርጓሚ የተባለውን ይላል እንጂ አይጨምርም አለችኝ። ደንቡ እንዲያ ነው፣ ልክ ናት። ማስጠንቀቂያውን ፈርሜ ወጣሁ።

ለእምዬ ስነግራት የጠየቀችኝ ሌላ ነው። «ሐሙስ ልጆቿ መጡ?»

አላውቅም አልኳት። እውነትም አላውቅም፣ ሌላ አስተርጓሚ ነበር። በዚያ ነው የተናደደችው።

እንግዲህ የራሷ።

ማክሰኞ ማታ ነው። ሆስፒታል ከገባች ስምንተኛ ቀኗ ነበር። እኔ ከሥራ ወጥቼ አውቶቡስ ላይ ነኝ፣ ቆሜ። ስልኬ ነዘረ። የቤተሰብ ዋትሳፕ ነው። የአክስቴ ልጅ፣ ሃያ ሁለት ዓመቱ፣ ያን ማታ ተረኛው እሱ ነበር። በዕብራይስጥ ሁለት ቃል ጻፈ፤ «ሳብታ ኒፍጠራ»። አያት ዐረፈች ማለት ነው። ከጎኑ የተሰበረ ልብ። ቀና ስል ከፊቴ የተቀመጠች ሴትዮ ብርቱካን እየላጠች ነው። እንደገና ወደ ስልኬ ሳይ «ይህ መልእክት ተሰርዟል» ይላል። አንድ ሰው ደውሎ ጮሆበታል። ለሃምሳ ምናምን ሰው መርዶ የነገረች ሴት፣ የራሷ እንዲህ መጣ። ልጁን አልወቅሰውም። ክፍሉ ውስጥ ከእሷ ጋር ብቻውን ነበር፤ እሱንስ ማን ነገረው?

በማግስቱ ጠዋት የሕንጻው በር ላይ ጥቁር ጠርዝ ያለው የቀብር ማስታወቂያ ተለጠፈ። በዕብራይስጥ፣ በመታወቂያ ስሟ፤ ስትመጣ ጸሐፊ የሰጣት ስም። ሰፈሩ ይህን ስም አያውቀውም። አንዲት አሮጊት የገበያ ጋሪያቸውን እየጎተቱ አነበቡት፣ «እኔን፣ የማን ፈረንጅ ሞተ?» ብለው አለፉ። እናቴ በዚያ ሁሉ መሐል ሣቀች። እምዬም ትሥቅ ነበር።

ከዚያ በፊት ግን አንድ ነገር ነበረ። የእምዬ ታናሽ ወንድም አፉላ ነው የሚኖሩት። ሰማንያ አልፏቸዋል፣ ልባቸው ደካማ ነው። ዋትሳፕ የላቸውም፣ ተመስገን። ቀብሩ ረቡዕ ቀትር ላይ ስለሆነ ጎሕ ሳይቀድ መድረስ ነበረብን። ማን ይናገር ሲባል ሁሉም እኔን አዩ። አጎቴ «ደብተሩን የያዝሽው አንቺ ነሽ» አለ። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ በሁለት መኪና ሰባት ሰው ሆነን ተነሣን። መንገድ ላይ ቃሉን ስለማመድ ነበር። ደክሟት ነበር አይደል? ዐረፈች። ደክሟት ነበር አይደል?

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ በራቸውን አንኳኳን። ፒጃማ ለብሰው፣ ነጠላቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው ከፈቱ። ሰባታችንን አንድ በአንድ አዩን። ምንም አላሉም። «ግቡ» ብቻ።

ገባን። ከፊታቸው ተቀመጥኩ። ጉልበት ለጉልበት። እጃቸውን ያዝኩ። «አባባ» አልኳቸው። ከዚያ ጠረጴዛውን አየሁት፤ ባዶ ነው። ውሃ አልያዝኩም። በዚያ ሁሉ መንገድ ቃሉን ስለማመድ ውሃውን ረስቼዋለሁ። እንደ ሞኝ ጠረጴዛው ላይ ፈዝዤ ቀረሁ።

አባባ እጃቸውን ከእጄ አወጡ። ተነሡ። ወጥ ቤት ገቡ፣ ቧንቧው ሲከፈት ሰማሁ። በአንድ እጃቸው ግድግዳውን እየያዙ፣ በአንድ እጃቸው ብርጭቆ ይዘው መጡ። ከፊቴ አስቀመጡት።

«እሷ ብትሆን ቀድማ ነበር የምታስቀምጠው» አሉ። ተቀመጡ፣ እጃቸውን መልሰው ሰጡኝ። «በይ አሁን ንገሪኝ።»